የባቡሩ ሰውና ሰው የሌለበት ጣቢያ

«ፖፖያ» የተባለው የጃፓን ፊልም በ1999 ዓ.ም. ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ፣ ስሙ በተነሣ ቁጥር አብሮ የሚነሣው ቃል ታማኝነት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሰሜናዊው የጃፓን ደሴት በሆካይዶ፣ በበረዶ በተከበበ ትንሽ ጣቢያ ብቻውን የሚያገለግል አንድ ሽማግሌ የጣቢያ ሹም፣ ልጁ ስትሞትም ሚስቱ ስትሞትም ከሥራው አልተለየም፤ ተመልካቹም በዚህ ጽናት ልቡ ይነካል። ፊልሙ የሚደነቅ መሆኑን እኛም አንክድም። ነገር ግን አንድ ከባድ ጥያቄ አንሥቶ ግማሹን ብቻ የመለሰ ይመስለናል። ጥያቄውም፣ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ላገለገለው መሥሪያ ቤት ቤቱንና ልጁን ከሰጠ በኋላ፣ መሥሪያ ቤቱ በበኩሉ ለእሱ ምን ዕዳ አለበት? የሚል ነው። ስለዚህ አስቀድመን የታሪኩን ይዘት ባጭሩ እንገልጻለን፤ ቀጥለን የፊልሙን ብርታትና ጉድለት እንመረምራለን፤ በመጨረሻም ፊልሙ የተነሣበት እውነተኛው ጣቢያ ምን እንደ ደረሰበት እንመለከታለን። የጣቢያውን ነገር የምንጨምረው ለወሬ ያህል አይደለም፤ ፊልሙ ሳይናገር የተወውን ስለሚናገርልን ነው።

ታሪኩን የደረሰው ጂሮ አሳዳ ነው። አጭሩ ልብ ወለድ የሚገኝበት መጽሐፍ በ1997 ዓ.ም. ታትሞ፣ በዚያው ዓመት ናዎኪ የተባለውን ታላቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አግኝቷል። የፊልሙ አዘጋጅ ያሱዎ ፉሩሃታ ሲሆን፣ የጣቢያ ሹሙን ኦቶማትሱን ሆኖ የሚጫወተው ኬን ታካኩራ ነው። ርእሱ የተወሰደው ከልጆች አነጋገር ነው፤ «ፖፖ» የእንፋሎት ባቡር የትንፋሹ ድምፅ ነው፤ «ያ» የሚለው ደግሞ አንድን ሙያ የያዘውን ሰው ያመለክታል። እንግዲህ ቃሉን ወደ አማርኛ እንመልሰው ብንል «የባቡር ሰው» ከማለት የቀረበ አናገኝም።

ኦቶማትሱ በወጣትነቱ በእንፋሎት ባቡር ላይ ይሠራ የነበረ፣ በኋላም ሆሮማይ በምትባል፣ መስመሩ በሚያልቅባት ጣቢያ የተሾመ ሰው ነው። እሱና ሚስቱ ሺዙዌ ለብዙ ዓመታት ልጅ ሳይወልዱ ከቆዩ በኋላ አንዲት ሴት ልጅ አገኙ፤ ስሟንም በረዶ ከሚለው የጃፓንኛ ቃል አውጥተው ዩኪኮ አሏት። ሕፃኗ ገና በሁለተኛ ወሯ ገደማ ታመመች። እናቲቱ ታቅፋት በባቡር ወደ ሐኪም ሄደች፤ አባትዬው ግን ጣቢያውን የሚረከበው ሰው ስላልነበረ ቀረ። ሺዙዌ ስትመለስ በእቅፏ የነበረው የልጅቱ ሬሳ ነበር፤ ኦቶማትሱም ያንን ባቡር እንደ ማናቸውም ባቡር ባንዲራውን ይዞ ቆሞ ተቀበለው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሚስቱ ስትሞትም፣ የመጨረሻውን ባቡር ሳያስተናግድ መነሣት ስላልቻለ አልደረሰላትም። ፊልሙ ሲጀምር ኦቶማትሱ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውታል፤ መስመሩም እንዲዘጋ ተወስኗል።

በዘመን መለወጫ ሰሞን አንዲት ትንሽ ልጅ ወደ ጣቢያው መጥታ አሻንጉሊቷን ረስታ ትሄዳለች። ማታ ታላቅ እኅቷ ነኝ የምትል ልጅ፣ ቀጥሎም ከሁለቱ የምትበልጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ትመጣለች፤ ይህችኛዋም እራት ሠርታ ታበላዋለች። ሽማግሌው በመንደሩ ያለው የቤተ መቅደስ ካህን የልጅ ልጆች ይመስሉታል። በመጨረሻ ግን ሦስቱም አንዲት ልጅ፣ እሷም የሞተችው የራሱ ልጅ እንደ ሆነች፣ የመጣችውም ብታድግ ኖሮ ምን ትመስል እንደ ነበር ልታሳየው መሆኑን ይረዳል። ጥፋቱን ይናገራል፤ እሷ ግን አትወቅሰውም። በማግስቱ ጧት ኦቶማትሱ በመሳፈሪያው መድረክ ላይ በበረዶ ውስጥ ሞቶ ይገኛል።

ሆሮማይ የምትባለው መንደር በደራሲው አሳብ የተፈጠረች ብትሆንም ኑሮዋ እውነተኛ ነው። በሆካይዶ ብዙ የባቡር መስመሮች የተዘረጉት የድንጋይ ከሰል ለማመላለስ ነበር። ጃፓን ከከሰል ወደ ነዳጅ ዘይት ስትዞር ማዕድኖቹ አንድ ባንድ ተዘጉ። ለምሳሌ የማዕድን ከተማ የነበረችው ዩባሪ በ1960 ዓ.ም. ከ100,000 በላይ ሕዝብ ነበራት፤ የመጨረሻው ማዕድን በ1990 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ዛሬ የነዋሪዎቿ ቁጥር ከ10,000 በታች ነው። ከሰሉ ሲቀር ሠራተኛው ሄደ፤ ሠራተኛው ሲሄድ ባቡሩ ባዶውን ይመላለስ ጀመር።

የምድር ባቡሩም አስተዳደር ሂሳቡን መመርመሩ አልቀረም። የጃፓን መንግሥት ምድር ባቡር በዕዳ ስለ ተያዘ በ1980 ዓ.ም. አንድ ሕግ ወጣ፤ በዚህም ሕግ በአንድ ኪሎሜትር በቀን በአማካይ ከ4,000 በታች መንገደኛ የሚያመላልሱ የገጠር መስመሮች እንዲመረመሩ ተደረገ። ከእነዚህም ውስጥ 83 መስመሮች ተመርጠው፣ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ 45ቱ በአውቶቡስ ሲተኩ 38ቱ ደግሞ በሌሎች ድርጅቶች እጅ በባቡርነታቸው ቀጠሉ። ምድር ባቡሩ ራሱ በ1987 ዓ.ም. ተከፋፍሎ ለኩባንያዎች ተላለፈ። የኦቶማትሱ ጣቢያ እንድትዘጋ የተፈረደባት በእንደዚህ ያለው ሂሳብ ነው።

ወደ ፊልሙ ብርታት ስንመለስ፣ ከሁሉ በፊት ማመስገን የሚገባን ሥራን እንደ ሥራ ማሳየቱን ነው። የጃፓን ባቡር ሠራተኛ ምልክት ሲመለከት በዓይኑ ማየቱ ብቻ አይበቃውም፤ በጣቱ እያመለከተ ያየውን በድምፁ ይናገራል። ይህ ልማድ የተሠራው ዓይንና እጅ፣ አፍና ጆሮ አንድ ላይ ሲሠሩ ስሕተት ስለሚቀንስ ነው። ኦቶማትሱ ማንም በማያየው መድረክ ላይ፣ ምናልባትም አንድም መንገደኛ ለማይወርድበት ባቡር፣ ይህን ሥርዓት ሳያጓድል ይፈጽማል። አዘጋጁ ይህን ደጋግሞ ስለሚያሳየን ሰውዬው ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ በንግግር ሊነግረን አላስፈለገውም። ታካኩራም በ1960ዎቹ ዓመታት በወንበዴ ፊልሞች ላይ ዝምተኛና ቁጡ ሰው ሆኖ በመጫወት የታወቀ ነበረ፤ እዚህ ያንኑ ዝምታ ይዞ ቁጣውን ብቻ አውጥቶ ጥሎታል። በዚሁ ሥራው በ1999 ዓ.ም. በሞንትሪያል የፊልም ትርኢት የምርጥ ተዋናይነትን ሽልማት ማግኘቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

ሁለተኛው ብርታት፣ ለእኛም የታሪኩ ልብ የሚመስለን፣ የቀን መዝገቡ ነው። የጣቢያ ሹም የዕለቱን ሁኔታ በመዝገብ የማስፈር ግዴታ አለበት። ኦቶማትሱ ልጁ በሞተችበት ቀን መድረኩን ከበረዶ ጠርጎ፣ ከጠረጴዛው ተቀምጦ፣ በመዝገቡ ላይ የተለየ ነገር እንዳልተፈጠረ ጻፈ። ይህንንም የሚነግራት ለራሷ ለልጅቱ ነው። የጻፈው ነገር እንደ ምድር ባቡሩ ደንብ ውሸት አይደለም። ባቡሮቹ በሰዓታቸው ደርሰዋል፤ ሐዲዱ ደኅና ነው፤ ምልክቱ ይሠራል። መዝገቡ የሚጠይቀው ይህን ብቻ ስለ ሆነ ሰውዬው የተጠየቀውን መለሰ። አሰቃቂውም ነገር ይኸው ነው፤ ሰውዬው ሳይዋሽ መዝገቡ ዋሸ። ከዚህ የበለጠ ጉዳዩን የሚገልጽ ነገር በፊልሙ ውስጥ አይገኝም።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። መዝገቡ እንዲህ ያለውን ሐዘን የሚያስገባበት ቦታ ከሌለው፣ ጥያቄው የሚቀርበው ለመዝገቡ ባለቤት መሆን ነበረበት። ለአንድ ጣቢያ አንድ ሰው ብቻ መድቦ፣ የሕፃን ልጁ ሞት እንኳ ቢመጣ የሚተካው ሰው ያላዘጋጀ ማን ነው? ፊልሙ ይህን አይጠይቅም። ጥፋቱን በሙሉ በሽማግሌው ትከሻ ላይ ያኖረዋል፤ ካኖረውም በኋላ በልጁ መንፈስ አፍ ይቅር ያሰኘዋል። ይቅርታው በጣም የሚያምር በመሆኑ፣ ዕዳው የማን እንደ ነበረ ለመጠየቅ ተመልካቹ ፋታ አያገኝም። አባት ከልጁ ጋር ታረቀ፤ መሥሪያ ቤቱ ግን ለእርቅ እንኳ አልተጠራም።

መሥሪያ ቤቱ በፊልሙ ውስጥ የሚናገርበትም መንገድ ልብ ሊባል ይገባል። መስመሩ የሚዘጋ መሆኑን ለኦቶማትሱ በስልክ የሚነግረው የማይታወቅ ባለሥልጣን አይደለም፤ በዋናው መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራው የወዳጁ የሴንጂ ልጅ ነው። ወጣቱ ያዝናል፣ ያመሰግናል፣ ይቅርታ ይጠይቃል። ትዕይንቱ ልብ የሚነካ ነው፤ ነገር ግን ውሳኔው በሚወደድ ልጅ ድምፅ ስለ መጣ ማንም ሊቈጣበት አይችልም። ሴንጂም ቢሆን ለኦቶማትሱ ሊያደርግለት የሚችለው አብሮት ጠጥቶ ሌላ ሥራ እንዲቀበል መለመን ብቻ ነው። እንግዲህ በዚህ ፊልም ውስጥ የሚወደዱ ሰዎች ብቻ አሉ፤ ውሳኔውን የወሰነው ግን በየትም አይታይም።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የአገራችን ተረት ሹመትን እንደ ገበታ ይቆጥራል። ኦቶማትሱ ከሹመቱ ገበታ የበላው ምንም የለም፤ ይልቁንም ሹመቱ የእሱን ቤት በላ። ስለዚህ እሱን የሚቆጨው ሳይበላ መቅረቱ ሳይሆን ያስበላው ነው። ፊልሙ ይህን ቁጭት በደንብ አይቶታል፤ ሆኖም ቁጭቱን እንደ ዕጣ ፈንታ፣ እንደ በረዶው ያለ የተፈጥሮ ነገር አድርጎ ያሳየናል። በረዶ የሚወርደው ማንም ሳያዝዘው ነው፤ አንድ ጣቢያ ያለ ተተኪ የሚቀረው ግን በሰው ትእዛዝ ነው። በፎቶግራፍ አንሺው በዳይሳኩ ኪሙራ ጥበብ የተነሣው ያ ሁሉ ነጭ ውበት የሁለቱን ልዩነት ሸፍኖታል ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን። ፊልም የሐዘን እንጉርጉሮ እንጂ የፍርድ ቤት ክርክር አይደለም፤ ሽማግሌው ስለ መሥሪያ ቤቱ እንዲከራከር መጠየቅም የሰውዬውን ጠባይ ማፍረስ ነው ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ኦቶማትሱ ንግግር እንዲያደርግ አንፈልግም። ነገር ግን መዝገቡን ያመጣው ፊልሙ ራሱ ነው። ሂሳብ የከፈተ ሰው መዝጋት አለበት። ደግሞም አዘጋጁ ያለ ንግግር ማሳየት እንደሚችል በጣት ማመልከቱ ሥርዓት አስመስክሯል፤ ባዶ የሆነች አንዲት የተተኪ ወንበር ብታሳየን ኖሮ ይበቃን ነበር። ሌላው ተቃውሞ፣ መስመሩ ኪሳራ ስለ ነበረ መዘጋቱ ትክክል ነው የሚል ይሆናል። ባቡር ባዶውን ሲመላለስ ይኑር አንልም። የምንለው፣ ትርፍና ኪሳራው በሚቆጠርበት ጊዜ ጣቢያዋ ያስከፈለችው ነገር ሁሉ ይቆጠር ነው።

አሁን እውነተኛውን ጣቢያ እንመልከት። ለሆሮማይ የተመረጠችው በሆካይዶ በሚናሚፉራኖ ከተማ ክልል፣ በኔሙሮ መስመር ላይ የምትገኘው ኢኩቶራ ነበረች። ጣቢያዋ የተከፈተችው በ1902 ዓ.ም. ነው። በፊልሙ እንደሚታየው የመስመሩ መጨረሻ አልነበረችም፤ ባቡር በግራና በቀኝ ያልፍባት ነበር። ከሁሉ የበለጠው ልዩነት ግን፣ ፊልሙ በተነሣበት ጊዜ ኢኩቶራ የጣቢያ ሹም ያልነበራት መሆኗ ነው። ሕይወቱን ለጣቢያው የሰጠውን ሰው ታሪክ ለማሳየት የተገኘችው ጣቢያ ሠራተኛ ከወጣባት የቆየች ነበረች። የፊልሙ ሰዎች «ሆሮማይ» የሚለውን ሰሌዳ ሰቀሉባት፤ አንድ የናፍጣ ባቡርም የድሮ አስመስለው አበጁላት፤ ኮፍያና ባንዲራ የያዘ ሰው አቆሙባት። በዚህ አኳኋን ፊልሙ ያደረገው፣ ለጣቢያዋ ያጣችውን ሰው ለጥቂት ጊዜ መመለስ ነበር።

እንደዚህ ያለው ጣቢያ በጃፓን ብርቅ አይደለም። ከአገሪቱ ጣቢያዎች ወደ ግማሽ የሚጠጉት ሠራተኛ የላቸውም። አሠራሩም ቀላል ነው። መንገደኛው ቲኬት ሳይቆርጥ ይሳፈራል፤ ከበሩ አጠገብ ካለች ትንሽ መሣሪያ የተሳፈረበትን ጣቢያ ቁጥር የያዘች ወረቀት ይወስዳል፤ በሚወርድበት ጊዜ በፊት ለፊት በኩል የተሰቀለውን ሰሌዳ አይቶ በቁጥሩ ትይዩ የተጻፈውን ዋጋ ከነጂው አጠገብ ባለው ሣጥን ይከፍላል። ነጂው ገንዘብ ተቀባይም፣ ቲኬት ተቆጣጣሪም፣ የጣቢያ ሹምም ሆነ ማለት ነው። በአንዳንዶቹ የመጠበቂያ ክፍሎች ውስጥ መንገደኞች የልባቸውን የሚጽፉበት ደብተር ተቀምጦ ይገኛል። በኦቶማትሱ ዘመን መዝገቡን የሚጽፈው ሹሙ ነበር፤ ዛሬ ሹሙ ሲቀር የሚጽፈው መንገደኛው ሆኗል። የመንገደኛው ደብተር ሐዘንንም ደስታንም ያስገባል፤ ነገር ግን ማንም ባለሥልጣን ሂሳብ አድርጎ አይመረምረውም።

ፊልሙ በጃፓን አካዳሚ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ከተሸለመ በኋላ ኢኩቶራ ስሟ ታወቀ፤ ጎብኚዎችም ይመጡባት ጀመር። በፊልሙ የታየችው ባቡር ከአገልግሎት ከወጣች በኋላ የፊተኛው ክፍሏ ተቆርጦ ከጣቢያዋ አጠገብ ቆመ። ይሁን እንጂ ዝናው ሐዲዱን አላዳነውም። በ2016 ዓ.ም. በኦገስት ወር መጨረሻ ታይፉን የሚባለው ብርቱ ዐውሎ ነፋስ መስመሩን ሰበረው፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ በኢኩቶራ ባቡር አላለፈም። በዚያው ዓመት በኖቬምበር የሆካይዶ ምድር ባቡር ኩባንያ 1,237 ኪሎሜትር ያህል ሐዲድ፣ ይኸውም ከመስመሩ ሁሉ ግማሽ የሚያህለውን፣ በራሱ አቅም ብቻ ለማቆየት እንደሚያስቸግረው አስታወቀ። የተሰበረው ሐዲድ ሳይጠገን ቀረ፤ በአውቶቡስ ሲተካ ቆይቶም ከፉራኖ እስከ ሺንቶኩ ያለው 81.7 ኪሎሜትር በኤፕሪል 1 ቀን 2024 ዓ.ም. ፈጽሞ ተዘጋ። ስለዚህ ከ2016 ዓ.ም. በኋላ የባቡሩን ሰው ጣቢያ ሊያይ የመጣ ጎብኚ ሁሉ በባቡር ሊመጣ አይችልም ነበር። ፊልሙን ለመውደድ ቲኬት መቁረጥ አላስፈለገም፤ ጣቢያዋን ለማቆየት ግን የሚቆጠረው ቲኬት ብቻ ነበር።

የፊልሙ ጉድለት የአንድ አዘጋጅ ብቻ እንዳይመስለን አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከዚሁ ከሆካይዶ የተነሣ አንድ ወሬ ዓለምን ዞረ። ካሚ ሺራታኪ የምትባል የገጠር ጣቢያ ለአንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሲባል ብቻ፣ ልጅቱ ትምህርቷን እስክትጨርስ ድረስ ሳትዘጋ ቆየች ተባለ። ነገሩ ሲጣራ ተማሪዋ የምትሳፈርበት ጣቢያ ኪዩ ሺራታኪ የምትባል ሌላ መሆኗ፣ በዚያው ባቡር የሚመላለሱ ሌሎች ተማሪዎችም መኖራቸው ታወቀ፤ የመዝጊያውም ቀን ማርች 26 ኩባንያው የባቡሮቹን የጊዜ ሰሌዳ የለወጠበት ቀን ነበር። በዚያን ቀን ሁለቱም ጣቢያዎች፣ ከእነሱም ጋር ሺሞ ሺራታኪ የምትባለው ሦስተኛዋ፣ አብረው ተዘጉ። ሰው ሁሉ የወደደው ወሬ መሥሪያ ቤቱን ርኅሩኅ አባት አድርጎ የሚያሳየውን ነው። ፖፖያም ውስጥ ያየነው ይኸው ምኞት ነው፤ አንዲት ልጅና አንድ ጣቢያ ካገኘን ሂሳቡን ለመጠየቅ አንደፍርም።

ባጭሩ ፍርዳችን ይህ ነው። ፖፖያ የሰውን ሥራ በክብር ያሳየ፣ በታካኩራም አጨዋወት ለብዙ ዘመን የሚኖር ፊልም ነው፤ ያላዩት ጓደኞቻችን እንዲያዩት እንመክራለን። ይሁን እንጂ በፊልሙ ውስጥ ሁለት መዛግብት አሉ። አንደኛው የኦቶማትሱ የቀን መዝገብ ነው፤ የልጅቱን ሞት አላስገባም፤ ፊልሙም ይህን አይቶ አለቀሰ። ሁለተኛው የመሥሪያ ቤቱ የሂሳብ መዝገብ ነው፤ ይኸኛው የመንገደኞቹን ቁጥርና የኪሳራውን ልክ እንጂ ያቺን ሕፃን፣ ያቺንም ሚስት አላስገባም፤ ፊልሙ ግን ይህን ሳይገልጠው አለፈ። ተመልካቹ ለሽማግሌው ካዘነለት በኋላ ሁለተኛውንም መዝገብ እንዲያስብ እንሻለን። አንድ ሰው ለመሥሪያ ቤት ታማኝ ሲሆን የምናመሰግነው፣ መሥሪያ ቤቱም ለሰውዬው ያለበትን ዕዳ ስንጽፍ ብቻ መሆን አለበት፤ አለዚያ ምስጋናችን በዚያ በቀን መዝገቡ ላይ የተለየ ነገር አልተፈጠረም ብሎ እንደ መፈረም ይቆጠራል።